ባሮ ሲሞላ ቡናው የለም፣ ቡናው ሲደርስ ባሮ የለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ወደብና ስለ ባሕር በር በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ ጋምቤላ አንድ መስመር አትነፈግም። «ድሮ መርከብ ይገባባት ነበር» ይባልና ይታለፋል። አንዳንዱ ጸሐፊ ቀጠል አድርጎ «ታዲያ ለምን አይመለስም?» ይላል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ከመርከብ አይጀምርም። መርከቡ በየትኛው ወር ይመጣ ነበር? ምን ይጭን ነበር? የሚጭነው ዕቃስ ስንት ወር፣ የት፣ እንዴት ሆኖ ይጠብቀው ነበር? የጋምቤላ የወንዝ ንግድ ያለ እነዚህ ጥያቄዎች አይገባም፤ ስለዚህ ነገሩን በዝርዝር ላቅርበው።

መነሻው የታወቀ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ የወንዝ ፊቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተፈቀደ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ተጽፏል፤ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ የተከፈተው ግን ኢታንግ ላይ ሳይሆን ከዚያ ወደ ላይ ጋምቤላ ላይ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1907 ነው። የኢታንግ ሜዳ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ጋምቤላ ደግሞ ለኢሉባቦሮቹ ለቡሬና ለጎሬ ቁልቁለት የቀረበች ናት። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ብዙ ሰው «ወደቡ የተዘጋው በወንዙ ድክመት ነው» ብሎ ያምናል። ወንዙ ግን ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው የኪራይ ውሉ፣ መንገዱና ፖለቲካው ነው።

አሁን ወደ ወንዙ። አኝዋሃዎች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ ገባና ብርብር ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ሲገናኙ ይወለዳል። በደቡብ ሱዳን ድንበር ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገጥም ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከማላካል በስተደቡብ ነጭ አባይን ይቀላቀላል። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም በውሃ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። መርከቦቹ በክረምት በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ ቁልቁል 7 ቀን፣ ሽቅብ 11 ቀን ይፈጅባቸዋል። ሁለቱን ቁጥሮች አካፍለው ቢያዩ መርከቡ ሲወርድ በቀን ወደ 195 ኪሎ ሜትር፣ ሲወጣ ወደ 124 ኪሎ ሜትር ይጓዝ እንደነበር ይገባዎታል። ይህ ልዩነት ዛሬ ለአንዲት ባለሞተር ጀልባም ዋናው ሒሳብ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባሮ በጋምቤላ በኩል በዓመት ወደ 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋል። አብዛኛው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚያልፍ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ወንዙ ከአፉ ይደርሳል፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት እንደታየውም ከተማው ውስጥ ይገባል። የካቲትና መጋቢት ላይ ግን ያው ወንዝ በአሸዋ ደሴቶች መሐል የሚሽሎከለክ ቀጭን ውሃ ሆኖ ይቀራል። ለጭነት ጀልባ የሚበቃ ጥልቀት በመንገዱ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚገኘው በዓመት አምስት ወር ያህል ብቻ ነው።

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነቅርፊቱ ያለው ቡና፣ ደርቆ ለመጓጓዝ የሚደርሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የቁልቁለቱ መንገድ ደረቅ ሆኖ ለበቅሎ የሚመቸውም በዚያው በበጋ ነው። ቡናው ጋምቤላ ሲደርስ እንግዲህ ወንዙ ጎድሏል። ወንዙ ሲሞላ ቡናው አምስትና ስድስት ወር የቆየ ነው፤ ያውም በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ሞቃትና እርጥብ ከሆኑት ከተሞች በአንዷ፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ላይ። የድሮዎቹ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሀብታቸው የመርከቡ ሳይሆን የመጋዘኑ ነበር። በበጋ ገዝቶ፣ ሳያበላሽ አቆይቶ፣ በሰኔ የሚያስረክብ ነው ያተረፈው። ስለዚህ ጋምቤላ ወደብ ከመሆኗ በፊት መጋዘን ናት። ወደቡ ይታደስ የሚል ሰው ሁሉ ስለ መርከብ ከመናገሩ በፊት ስለ መጋዘን አንድ ገጽ ቢጽፍ በጣም ደስ ይለኛል።

ስለ መጋዘኑ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ንብረት የሚጠፋው እዚያ ነውና። በደንብ የደረቀ ቡና ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ይዞ ከደጋ ይወርዳል። የአየሩ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ ፍሬው ከአየር ላይ ይጠጣል፤ 13 በመቶን ካለፈ መልኩ ይነጣል፣ ሽታው ይሻግታል፣ ሻጋታም ይይዘዋል። በጋምቤላ ግንቦትና ሰኔ፣ ዝናቡ ገብቶ ጀልባው ገና ባልተነሣበት ጊዜ፣ ይህ የሚሆነው በሳምንታት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ቡናውን ሳይፈለፍሉ በጀንፈል ማቆየት ነው፤ ቅርፊቱ ልብስ ሆኖ ይጠብቀዋል። ዕዳው ክብደቱ ነው። ከ100 ኪሎ ጀንፈል የሚወጣው ንጹሕ ቡና ግማሹ ያህል ነው፤ ስለዚህ ከደጋ እስከ ጋምቤላ እጥፍ ማጓጓዣ ይከፈላል፣ መፈልፈያውም ጋምቤላ ላይ፣ ጭነቱ ሊነሣ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። የተፈለፈለ ቡና ማቆየት ግድ ከሆነ አየር የማያሳልፍ የፕላስቲክ ከረጢት በጆንያው ውስጥ ይግባ፤ አፉም ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ፣ ሁለት ጊዜ ይታሰር። አንድ ጊዜ ብቻ የታሰረ ከረጢት እንዳልታሰረ ይቆጠራል።

ቤቱ ረጅም ጎኑን ለሰሜንና ለደቡብ ሰጥቶ ይሠራ፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ጠባቡን ግድግዳ ብቻ ይመታዋል። ወለሉ የ2014ቱ ጎርፍ ከደረሰበት ምልክት በላይ ይሁን። ጆንያ መሬት አይነካም፤ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር፣ ከጣሪያ አንድ ሜትር ይርቃል። የግማሽ ሜትሩ መተላለፊያ ለባትሪ ነው። በየሦስት ቀኑ ሰው ባትሪ ይዞ ዞሮ ግድግዳው ላይ የምስጥ የጭቃ ቧንቧ መኖሩን ካላየ፣ ምስጡ ከታች ገብቶ ርብራቡንና የታችኛውን ረድፍ ጆንያ እስኪጨርስ ከውጭ ምንም አይታይም። የርብራቡ እግሮች ጫፉ ወደ ታች የተቀለበሰ የቆርቆሮ ቆብ ቢደረግላቸው ምስጡ ቧንቧውን ለመቀጠል ወደ ውጭ ስለሚወጣ ይታያል።

የአየር ማስገቢያ መስኮት ሁልጊዜ መከፈት አለበት የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። አየሩ እርጥበቱ የሚቀንሰው ሲሞቅ ነው፤ ስለዚህ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይከፈት፣ ሲመሽ ይዘጋ፣ ዝናብ በዋለበት ቀን ጭራሹን አይከፈት። ሌሊት ተከፍቶ ያደረ መጋዘን የሌሊቱን ጤዛ ወደ ቡናው ጋብዞ ነው የሚያድረው። ከሱዳን ወገን የሚመጣው የድሮ ዕቃ ዋናው ጨርቅና ጨው ነበር። ጨው ዛሬም ከቡና ጋር በአንድ ክፍል መዋል የለበትም፤ ጨው ውሃ ይስባል፣ ሲያንጠባጥብም የታችኛውን ጆንያ ያርሳል። ሳሙናና ነዳጅ ደግሞ ሽታቸውን ያስረክባሉ። ቤንዚን አጠገብ አንድ ሌሊት ያደረ ቡና ቢታጠብም ቢቆላም ሽታው አይለቅም።

ስለ በቅሎው አንድ ነገር ልጨምር። በበቅሎ ዘመን አንድ እንስሳ ከ5 እስከ 6 ፈረሱላ፣ ማለትም ከ85 እስከ 100 ኪሎ ገደማ ይሸከም ነበር። ቆላው ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስይዘው ዝንብ ያለበት ስለሆነ ነጋዴ በቅሎውን እዚያ አያሳድርም ነበር፤ አራግፎ በፍጥነት ወደ ደጋ ይመለሳል። ዕቃ ተቀባይና መጋዘን በቦታው አስቀድሞ ዝግጁ መሆን የነበረበት ለዚህም ነው። ዛሬ መኪናው ያንን ችግር አስቀርቶታል፤ የወራቱን አለመግጠም ግን አላስቀረውም።

ቀጥሎ ዕቃው ከዳር ወደ ጀልባ የሚገባበት ቦታ ይመጣል። «ወደብ» ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ቀጥ ያለ የኮንክሪት ግንብ ነው። ለባሮ ይህ አይሆንም። የውሃው ከፍታ በዓመት ውስጥ በብዙ ሜትር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ለነሐሴ የተሠራ ግንብ በኅዳር ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚያስፈልገው ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሰፊ ደረጃ ነው። ጆንያ ተሸክሞ ለሚወጣ ጫኝና አውራጅ የእርከኑ ከፍታ ከ17 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ መርገጫው ከ35 ባያንስ፣ በየአሥራ ሁለቱ እርከን ሰው ሸክሙን የሚያሳርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ቢኖረው ጥሩ ነው። ለጋሪ ደግሞ በጎኑ በ8 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት በቂ ነው።

የባሮ ዳር የሚናደው በሙላቱ ጊዜ አይደለም፤ ሲጎድል ነው። በክረምት አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ወንዙ ግን ከጎኑ ሆኖ ይደግፈዋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወንዙ ቶሎ ሲሸሽ ድጋፉ ይነሣል፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ገና አልወጣም፤ ያን ጊዜ ዳሩ ሁለመናው ተቆርሶ ይወርዳል። በሲሚንቶ ድፍን የተደረገ ግንብ ይህን ውሃ ስለሚያግተው ከሁሉ በፊት የሚገለበጠው እሱ ነው። በሽቦ ሣጥን የታሰረ ድንጋይ፣ ማለትም ጋቢዮን፣ ውሃውን ስለሚያሳልፍ ይቆማል። ግንብ መሥራት ግድ ከሆነም በየሜትር ተኩሉ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ፣ ከኋላውም ጠጠር ይኑረው።

ሦስተኛው ነገር የውሃው መንገድ ነው። ባሮ ዳሩን እየናደ ዛፍ ይዞ ይወርዳል። ዛፉ ሥሩን ወደ ላይኛው ወንዝ አድርጎ አሸዋ ውስጥ ይቀበርና ጫፉ ወደ ታች ጋደል ብሎ ይቆማል። ሰኔ ላይ ቡናማው ውሃ ሲሸፍነው አይታይም፤ የሚታወቀው ውሃው ፊት ላይ ጫፉ ወደ ምንጩ የዞረ የቀስት ምልክት ሲሠራ ብቻ ነው። ጀልባ ቀዳጁ ይህ ነው። በትንሽ ወጪ የሚወገድበት ጊዜ ደግሞ አለ፤ የካቲትና መጋቢት፣ ግንዱ ሁሉ ከውሃ በላይ ተጋልጦ በሚታይበት ወቅት። የሚያስፈልገው መጋዝ፣ የብረት ገመድ፣ ከዳር ሆኖ የሚጎትት ትራክተርና አዞ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ፤ ግንዱን በውሃው ልክ አይቁረጡት። በመጋቢት ውሃ ልክ የተቆረጠ ጉቶ በሰኔ መጀመሪያ አንድ ክንድ ውሃ ሥር ይደበቃል፤ ከሙሉው ዛፍ ይልቅ አደገኛ ይሆናል። ወይ ከነሥሩ ይጎተት፣ ወይ ከአሸዋው እኩል ይቆረጥ።

የአሸዋው ነገር ከግንዱ ይለያል፤ በየክረምቱ ቦታ ይቀይራልና አይወገድም፣ ይለካል። ወንዙ በሚታጠፍበት ጥልቁ በውጭኛው ዳር በኩል ነው፤ ከአንዱ መታጠፊያ ወደ ሌላው ውሃው ሲሻገር ግን ይሳሳል፣ ጀልባም የሚቀመጠው እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት በተደረገበት ረጅም ቀርከሃ እያንዳንዱን መሻገሪያ በሰኔ መለካትና በዳሩ ላይ ሁለት ሁለት ነጭ ምልክት ማቆም ይበቃል፤ ነጂው ሁለቱ ምልክቶች አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረቡ መስመሩን ይይዛል። የኑዌርና የአኝዋሃ ጀልበኞች ይህን ያለ ምልክትም በዓይን ያነቡታል። ሥራው ሲሠራ ከፊት መቀመጥ ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ ከሩቅ የመጣ መሐንዲስ ያለ እነሱ የሚያቆመው ምልክት ጀልባን ወደ አሸዋ ይመራል።

ከኢታንግ በታች ሌላ ጉዳይ አለ። በሙላት ጊዜ ወንዙ ከአፉ እየፈሰሰ ወደ ማቻር ረግረግ ይሄዳል፤ በጋምቤላ ካለፈው 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውስጥ ባሮ ከፒቦር እስኪገናኝ የሚደርሰው ወደ 9 ቢሊዮን ተኩል ብቻ ነው። ውሃው በሣር መሐል ሰፊ ሆኖ ሲተኛ እውነተኛው መንገድ የቱ እንደሆነ ይጠፋል። ፍሰቱ ያለበትን የሚያመለክተው በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ነገር ነው፤ አረፋና ቅጠል በሚሄድበት ይኬዳል፣ እምቦጭ በቆመበት አይገባም። እምቦጭ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያ ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን የሚረጨው ቀጭን ውሃ ሲቋረጥ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ጥቂት ደቂቃ ከዘገዩ ፒስተኑ ይነክሳል።

ስለ ነዳጅ ቃል የገባሁት ሒሳብ እነሆ። በቆመ ውሃ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ፣ ወንዙ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢፈስስ፣ ቁልቁል 17 ሽቅብ 7 ትሄዳለች። ስለዚህ ለመውረጃ 20 ሊትር ከበቃ ለመውጫ ወደ 49 ሊትር ይፈጃል፤ ለድንገተኛው የድምሩን ሲሶ ቢጨምሩ ወደ 92 ሊትር ይሆናል። «ለመሄጃ 20፣ ለመመለሻ 20» ብሎ የሚነሣ ጀልባ በመመለሻው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይቆማል፤ ያውም በድንበሩ አካባቢ፣ በሌሊት። ሁለት ምት ለሆነ ሞተር በ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይቀላቀላል። ትርፍ ካንዴላና የፕሮፔለር ፒን ሳይይዙ መነሣት አይገባም። ፒኑ ግንድ ሲነካ ራሱ ተሰብሮ ማርሹን እንዲያድን የተሠራ ነው፤ በምስማር የሚተኩት ሰዎች ፒኑን አትርፈው ሞተሩን ይከስራሉ።

ስለ ጭነቱ የምለው አጭር ነው። 40 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ 24 ኩንታል ነው። ከባዱ በመሐል ይሁን፣ ፊቱ ጥቂት ይቅለል፣ ከውሃው ፊት እስከ ጀልባው ከንፈር በዝቅተኛው ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ሰው በጆንያ ላይ ተቆልሎ አይሂድ። ጀልባ የሚገለበጠው በክብደት ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ወደ ላይ ተቆልሎ ሲቀመጥም ነው።

ድንበሩን በተመለከተ፣ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ሱዳን ያለው ጦርነት ንግዱን ሲያጠፋውና ሲያስነሣው ኖሯል፤ የዚያ ወገን ገንዘብም ዋጋው ሲወድቅ ኖሯል። ስለዚህ ጸጥታው ሳይረጋገጥ ትልቅ መርከብ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ውሃ ላይ ያደርጋል። መጋዘን፣ ደረጃና የጸዳ የውሃ መንገድ ግን ድንበሩ ቢዘጋም አይባክኑም። ከጋምቤላ እስከ ኢታንግና ጅካዎ ያለው ሕዝብ ክረምት መንገዱ በጭቃ ሲቆረጥ እህልና መድኃኒት የሚደርሰው በዚሁ ወንዝ ነው።

ከጋዜጣዎ አንድ ነገር እለምናለሁ። የወንዙ ከፍታ በጋምቤላ በመለኪያ ይነበባል፤ ንባቡ ግን ለጀልበኛውም፣ ለቡና ነጋዴውም፣ በኢታንግ ዳር ላለው ገበሬም በጊዜው አይደርስም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በምታትሙበት ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጨመሩ፤ የሳምንቱ የባሮ ከፍታ በጋምቤላ፣ ካለፈው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠቅማል። በጥቅምት ወንዙ በሳምንት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ የሚያውቅ ነጋዴ የመጨረሻውን ጭነት መቼ እንደሚያስነሣ ያውቃል፤ የማያውቀው ጀልባው አሸዋ ላይ ተቀምጦ እስከ ሚቀጥለው ሰኔ ይጠብቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢዎ፣ ከጋምቤላ